ለባለቤቱ የማይታይ ሌባ

መድኃኒት ቤት የሠራ ሰው አንድ አመል ያወጣል፤ ከሚነገረው ይልቅ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያምናል። «ባለፈው የሰጠሽኝ ያቺ ነጭ ክኒን» ብሎ ለሚመጣ ደንበኛ መልሴ «ማሸጊያውን ይዘው ይምጡ» ነው። ነጭ ክኒን መቼም ስንቱ! እናቴ በዚህ አመሌ «አንቺ እኮ እኔንም ማሸጊያሽ የት አለ ሳትይኝ አትቀሪም» እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። በዚያ ሁዳዴ የደረሰብንን ነገር ያለዚህ አመሌ አንወጣውም ነበር።

ትርንጎ እባላለሁ። ያኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ከሥራ ስወጣ ኮምፒዩተሬ ላይ እጣዳለሁ። ትርፍ ጊዜዬን የሚበላው የሙዚቃ ሶፍትዌር ነው። ሙዚቀኛ እንዳልመስላችሁ፤ ድምፄ ለሰው አይነገርም። ደስ የሚለኝ የአንድን መሣሪያ ድምፅ አውታር በአውታር ቀድቼ፣ ኮምፒዩተር ላይ ቁልፍ ሲነካ ያ መሣሪያ እንዲሰማ ማድረግ ነው። በዓለም ላይ ያለው መሣሪያ ሁሉ እንዲህ ተሠርቶለታል። «በገና» ብዬ ስፈልግ ያገኘሁት ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ጆሮ ሥር የምትዞር ትንኝ እንጂ በገና አይመስልም። እልህ ያዘኝ።

በየወሩ ለደም ግፊት መድኃኒታቸው ከይጁቤ የሚመጡ ጋሼ ደምሌ የሚባሉ አናጺ አሉ። በገና ይሠራሉ፣ ይደረድራሉ፣ የሰፈሩን ልጆችም በነጻ ያስተምራሉ። ሐሳቤን ስነግራቸው ብዙ ካሰቡ በኋላ እሺ አሉኝ። «ለጸሎት ይሁን፤ ስሜንም ጻፊበት፣ የማን እጅ እንደሆነ ይታወቅ» አሉ። ቤታቸው ሄጄ፣ ማይክሮፎኑን በጋቢ ከልዬ፣ ላሟ በጮኸች ቁጥር እያቋረጥን ቀዳኋቸው። ሠርቼ ስጨርስ ለኮምፒዩተርም ለስልክም የሚሆን በገና ወጣልኝ። በኩራት ነው የምናገረው፤ ያማረ ነበር።

በገናውን ለሰው ያደረስነው በማኅበራችን ድረ ገጽ ነው። ማኅበራችን በገና የምንወድ ሰዎች የምንጠጣው የሚካኤል ጽዋ ነው፤ በየወሩ ከተረኛው ቤት እንሰበሰባለን፣ ጽዋውም ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ድረ ገጹን የሠራልን ከአባላቱ አንዱ፣ ኮምፒዩተር የተማረው ዲያቆን ይበልጣል ነው። ሲከፈት «የማኅበር ነገር ነው፤ እንደ ጽዋው ይዙር» ተባለ። ስለዚህ ጽዋውን የተረከበ ሰው የወሩን ማስታወቂያ ራሱ ገብቶ ይለጥፋል። የይለፍ ቃሉም ለሁላችን አንድ ነው። የጋሼ ደምሌ ፎቶና ስም ከበገናው በላይ ተቀምጧል።

ነገሩ የጀመረው አርብ ረፋድ ላይ ነው። ጋሼ ደምሌ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሲገቡ ሰላምታ አልነበራቸውም። ባርኔጣቸውን እንኳ ሳያወልቁ ፊቴ ቆሙ።

«መድኃኒቱ አለቀ እንዴ ጋሼ?»

«ለመድኃኒት አልመጣሁም። ስሜን አውጪልኝ።»

«ከየት?»

«ከዚያ ከድረ ገጻችሁ። ስሜንም፣ ፎቶዬንም፣ በገናዬንም። ዛሬውኑ።»

ወንበር ብሰጣቸው አልቀመጥ አሉ። እንደቆሙ ነገሩኝ። ተማሪዎቻቸው ለልምምድ እንዲሆናቸው በገናውን በስልካቸው ሊያወርዱ ሞክረው ነበር። የሞከሩት ሁሉ ቴሌግራማቸው ተጠለፈ። ሰብለ በምትባለው ልጅ ስም ደግሞ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ የሚያሳፍር ሥዕል ተላከ። በሁዳዴ፣ ለንስሐ አባቷ ሳይቀር።

«እናቷ አስቀረቻት። እሷን አይተው ሌሎቹም ልጆቻቸውን አስቀሩ። ትናንት ቤቴ የመጣ ተማሪ የለም። ‹ልጆቻችንን ያዋረደ የደምሌ በገና ነው› ይላሉ። መንገድ ላይ ፊቱን የሚያዞርብኝ ሰው አለ» አሉና መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ እጄ ሰው በድዬበት አላውቅም። አውታሮቹን አላልቻቸዋለሁ። ከእንግዲህ አልደረድርም።»

በሁዳዴ አውታሩን ያላላ ደርዳሪ፣ በእርሻ ወር በሬውን የሸጠ ገበሬ ማለት ነው። ቶሎ ብዬ በመድኃኒት ቤቱ ኮምፒዩተር ድረ ገጹን ከፈትኩት። ፎቷቸው እንዳለ ነው፣ ጽሑፉም እንዳለ፣ ማውረጃውም እንዳለ። ምንም እንከን የለውም። ለይበልጣል ደወልኩ።

«ይበልጣል፣ ድረ ገጻችን ተጠልፏል እንዴ?»

«ኧረ በሚካኤል! አሁን ፊቴ ተከፍቷል። ጠዋትም ገብቼበት ነበር፣ ንጹሕ ነው። ልጆቹ ሌላ ቦታ ገብተው ያመጡትን ጣጣ እኛ ላይ እያላከኩ ነው።»

ድምፁ ከስልኩ አልፎ ይሰማ ስለነበር ጋሼ ደምሌ ሰሙት።

«ይዋሻሉ ማለቱ ነው? ሰብለን እኔ አሳድጌያታለሁ። የማትዋሽ ልጅ ናት!»

እኔ ብሮውዘር አበዛለሁ። ብሮውዘር ኢንተርኔት የምናይበት መስኮት ነው፤ አንዱ የሚያሳየውን ሌላው ላያሳይ ይችላል። የሙዚቃ ሥራዬ በሁሉም መስኮት ደህና መሰማቱን ስለምፈትሽ በመድኃኒት ቤቱ ኮምፒዩተርም በስልኬም ሦስት ዓይነት ጭኛለሁ። ይበልጣል «አንዱ ምን አነሰሽ?» እያለ ያሾፍብኛል። በሦስቱም አድራሻውን ጽፌ ከፈትኩ። በስልኬም ደገምኩት። ንጹሕ፣ ንጹሕ፣ ንጹሕ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይበልጣልን ያምን ነበር። መድኃኒት ቤት ግን «ያዘዙልኝ ክኒን አሳከከኝ» ያለን ሰው «ውሸትህን ነው» አንለውም። «እንዴት ወሰድከው? ከምን ጋር?» ነው የምንለው።

«ጋሼ፣ ልጆቹ ድረ ገጹን እንዴት አድርገው ነው የከፈቱት?»

«እኔ ምኑን አውቄ! የኔ ስልክ ሃሎ ከማለት ሌላ ሙያ የላትም።»

«እንግዲያው ይጁቤ እንሂድ።»

«አሁን?»

«አሁን ነዋ።»

አሠሪዬን አስፈቅጄ ከመናኸሪያ በሚኒባስ ተሳፈርን። ይጁቤ ስንወርድ ጋሼ ደምሌ ሰላም የሚላቸውን ሰው ሁሉ ቀድመው አንገታቸውን እየደፉ አለፉት።

የሰብለ እናት እትየ የሺ በር ላይ ጠበቁን። ከበሩ ግን ፈቀቅ አላሉም።

«ጋሽ ደምሌ፣ ደጄን ለመርገጥ እግርዎ እንዴት ደፈረ?»

እኔ ወደፊት ቀረብኩ።

«እትየ የሺ፣ በገናውን ኮምፒዩተር ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ልጅዎን ምን እንደጎዳት ላይ መጣሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃት፤ ከዚያ ያባርሩኝ።»

«አንቺ ደሞ ማነሽ?»

«ትርንጎ እባላለሁ። ደብረ ማርቆስ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው።»

ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ረገብ አለ። መድኃኒት የሚሰጥን ሰው ማን ያስቀይማል! «ሰብለ፣ ነይ ውጪ!» ብለው ተጣሩ።

ሰብለ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ከተጠለፈች ጀምሮ ትምህርት ቤት አልሄደችም።

«ሰብለ፣ የድረ ገጹን አድራሻ ጽፈሽ ነው የገባሽው?»

«አድራሻውን አላውቀውም። ‹የጋሼ ደምሌ በገና› ብዬ ፈለግኩና መጀመሪያ የመጣውን ነካሁት።»

«በስልክ?»

«በስልክ። ከስልኩ ጋር በመጣው ብሮውዘር።»

ይህን ስሰማ ነገሩ ተገለጠልኝ። እኔም ይበልጣልም ሁልጊዜ አድራሻውን ጽፈን ነው የምንገባው። እሱማ ጭራሽ የማኅበሩን የይለፍ ቃል አስገብቶ ነው ገጹን የሚያየው። እንግዳ በሚመጣበት መንገድ ሁለታችንም ሄደን አናውቅም። ስልኬን አወጣሁና እንደ ሰብለ ፈለግኩ፤ እንደ ሰብለ መጀመሪያ የመጣውን ነካሁ።

ገጻችን ተከፈተ። ከዚያ ብልጭ አለና ተለወጠ። የጋሼ ደምሌ ፎቶ እንዳለ ነው። ከሥሩ ግን እኛ ያልጻፍነው ጽሑፍ መጣ፦ «በገናውን ለማውረድ ስልክ ቁጥርዎን ያስገቡ። ከዚያ የሚደርስዎትን ቁጥር እዚህ ይጻፉ።» ያ የሚደርሰው ቁጥር የቴሌግራም መክፈቻ ነው። የጻፈ ሰው አካውንቱን በገዛ እጁ ለሌባ አስረከበ ማለት ነው።

«እሱ ነው!» ሰብለ ጮኸች። «እማዬ፣ አላልኩሽም? እሱ ነው!»

በዚያው መንገድ፣ ጥብቅ በሆነው በሌላው ብሮውዘሬ ደግሞ ሞከርኩት። እሱ ጭራሽ አላስገባም አለኝ፤ ቀይ ገጽ ዘርግቶ «ይህ ገጽ አደገኛ ሊሆን ይችላል» ብሎ መለሰኝ። አንዱ መስኮት «ግቢ» ሲል አንዱ «ተመለሺ» ይላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። የበሽታውን ስም ያገኘ ሰው ደስታ ነው። ቀና ስል የጋሼ ደምሌን ፊት አየሁና ደስታዬ ወደ ንዴት ተለወጠ።

የቅድሙን ገጽ መልሼ ብከፍተው ስልኩን ከእጄ ወስደው የገዛ ፎቷቸውን ትክ ብለው አዩት። «እኔን ከፊት አቁሞ ነው እንዴ የሚሰርቀው?» አሉ።

«አዎ ጋሼ። ባለቤቱን ደግሞ ለይቶ ያውቃል። የይለፍ ቃል ያስገባ ሲመጣ ይደበቃል፤ አድራሻውን ጽፎ የመጣውንም እንደ ቤተኛ ያሳልፈዋል። በስልኩ ፈልጎ የመጣውን እንግዳ ብቻ ጠብቆ ይይዛል። ለዚህ ነው እኛ ያላየነው።»

እትየ የሺ ከበሩ ላይ ዘወር አሉ። «እንግዲህ ግቡ» አሉን። እኔ ግን ቆሜ ለይበልጣል ደወልኩ።

«ይበልጣል፣ መጀመሪያ ከአካውንትህ ውጣ። ከዚያ ስልክህን አንሳና፣ እንደማያውቀን ሰው ሆነህ የጋሼ ደምሌን በገና ፈልግ።»

ጣቱ ስልኩን ሲነካካ ይሰማኛል። «እመ ብርሃን!» አለ በመጨረሻ።

«ዝጋው።»

«ያለ ማኅበሩ ፈቃድ? የማኅበሩን አለቃ፣ ሙሴውን ቄስ አዲሱን ልጠይቅ እንጂ። እሳቸው ደግሞ ቅዳሴ ላይ ናቸው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይወጡም።»

«ቅዳሴው እስኪያልቅ ስንት ሰብለ ታልቅስ?»

እሱ ሲያቅማማ እኔው ልዘጋው በስልኬ ገባሁ። የይለፍ ቃሉን ጻፍኩ። ሚካኤል፣ ከኋላው አሥራ ሁለት የሚል ቁጥር። የመጨረሻዋን ቁጥር ስነካ ጣቴ ቆመ። ከድረ ገጻችን አናት ላይ በትልቁ «የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ማኅበር» ይላል። ሚካኤል በአሥራ ሁለት መሆኑን በዚህ አገር የማያውቅ ማን አለ? ገብርኤል በአሥራ ዘጠኝ፣ ጊዮርጊስ በሃያ ሦስት እየተባልን አይደለም እንዴ ያደግነው! ሌባው ምንም አልሰበረም። ቁልፉን ከግንባራችን ላይ አንብቦ ነው የገባው። ድረ ገጹን ዘጋሁና «ስለተጠለፍን ዘግተናል፤ ቁጥር የሚጠይቃችሁን አትመኑ» ብዬ ጻፍኩበት።

ማግስቱ ቅዳሜ አሥራ ሁለት ነበር፣ የማኅበራችን ቀን። ይበልጣል ሲነጋ ጀምሮ ሲሠራ ውሎ መጣ። እኛ የማናውቀው ሰው በማኅበሩ ቁልፍ ገብቶ ሌላ ቁልፍ ለራሱ አስቀርጾ ነበር። ስለዚህ ሁሉንም አጥፍቶ፣ ቤቱ ካስቀመጠው ንጹሕ ቅጂ እንደገና ሠራው። ጋሼ ደምሌም መጥተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ እህልም አልቀመሱ። እኔ ነገሩን ካስረዳሁ በኋላ የይለፍ ቃሉ ይቀየር፣ የሚያውቀውም ሁለት ሰው ብቻ ይሁን አልኩ። ከማኅበርተኞቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ዘርፌ ብድግ አሉ።

«የሚካኤልን ስም ልታወርዱት? እሱ አይደለም ወይ የሚጠብቀን? ደግሞስ የማኅበርን ነገር ለሁለት ሰው መስጠት ምን ማለት ነው? የቀረነው ሌቦች ነን?»

ሰው አጉረመረመ። ብዙዎቹ ከእማማ ዘርፌ ጋር ናቸው። የማኅበሩ ሙሴ ወደሆኑት ወደ ቄስ አዲሱ ዞርኩ።

«አባቴ፣ ቅኔ ማሕሌት ማን ይገባል?»

«ምእመን ሁሉ።»

«መቅደስስ?»

«ከካህን በቀር ማን ይገባል!»

«መቅደስ የማይገባው ምእመን ሌባ ነው ተብሎ ነው?»

ቄስ አዲሱ ሳቅ አሉ። «ወዴት እንደምትወስጂኝ ገብቶኛል። እማማ ዘርፌ፣ የሚካኤል ስም ከደጃችን አይወርድም። የሚቀየረው ቁልፉ ነው። የሙዳየ ምጽዋቱንም ቁልፍ ደብቀን እንይዛለን እንጂ ሚካኤል ይጠብቀዋል ብለን በር ላይ አንሰቅለውም።»

እማማ ዘርፌ ጥቂት አሰቡና «እሱስ እውነት ነው» ብለው ተቀመጡ። ሁሉም ቀለለው። ያን ጊዜ ጋሼ ደምሌ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ።

«ይኸ ሁሉ መልካም። ይጁቤ ላሉት ማን ይነግርልኛል?»

ይበልጣል መሬት መሬት አየ። አንድ ማኅበርተኛ «እንግዲህ ገጹ ተስተካክሏል። ተዘረፍን ብለን ማራገቡ ለማኅበሩ ስም ጥሩ አይሆንም፤ ጊዜ ይረሳዋል» አለ።

ደሜ ፈላ። «የማኅበሩ ስም እንዲተርፍ የጋሼ ደምሌ ስም ይሙት?» አልኩ። «ነገ እሑድ ነው። እኔ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«እኔም አለሁ» አሉ ቄስ አዲሱ።

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ቄስ አዲሱ የይጁቤን ካህናት አስፈቅደው ሕዝቡን ደጀ ሰላሙ አጠገብ አቆሙልኝ። እውነት የያዘ ሰው ምን ያስፈራዋል? ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ የይለፍ ቃሉን ስነግራቸው ሳቁ። አንድ ጎልማሳ ግን አልሳቀም።

«ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?» አለ ጮክ ብሎ።

«የኛ፣ የማኅበሩ። ጋሼ ደምሌ የእጃቸውን ድምፅ ሰጡን፤ በሩን የያዝነው እኛ ነን። አላጠበቅነውም። ልጆቹም ምንም አላጠፉም። የሚያምኑትን መምህር ፎቶ አይተው ነው የገቡት። በልጆቹ ስም የተላከውን ሁሉ የላከው ሌባው ነው። ሰብለ ንጹሕ ናት፤ ጋሼ ደምሌም ንጹሕ ናቸው።»

ከዚያ እትየ የሺ ሰዉን እየገፉ ወደፊት መጡ። የሚወቅሱኝ መስሎኝ ነበር። ስልካቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ዘረጉልኝ። «እስኪ የኔንም እዪው» አሉ።

ከኋላቸው ሌላ ሴት መጣች። ከእሷም ኋላ ሌላ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የአንዷን ብሮውዘር ሳድስ፣ የሌላዋን የይለፍ ቃል ሳስቀይር፣ በየቅዱሳኑ ስም የተቆለፈውን ስልክ ሁሉ ሳስከፍት ቆየሁ። ከመሐል አንድ ድምፅ ቀና አደረገኝ። ጋሼ ደምሌ ቤታቸው ደርሰው በገናቸውን ይዘው ተመልሰው ኖሮ፣ ከግንቡ ሥር ተቀምጠው አውታር እየወጠሩ ነው። አንዱን ይወጥሩና ያዳምጣሉ፣ ያላሉና እንደገና ይወጥራሉ። ሰብለ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሌሎቹም ልጆች አንድ በአንድ እየመጡ ተቀመጡ። መደርደር ሲጀምሩ አለቀስኩ፤ ደብቄም አላለቀስኩ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ እኔን የለወጠኝ ያ የስልክ ሰልፍ ነው። ለካ ይህ ሁሉ ሰው መዝጊያ የሌለው ቤት ውስጥ ይኖር ነበር! የሚነግረው ሰው አጥቶ እንጂ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ጥቂት ወራት ቆይቼ መድኃኒት ቤቱን ተሰናበትኩና መናኸሪያው አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ ከፈትኩ። የማኅበራትን፣ የትምህርት ቤቶችን፣ የነጋዴዎችን ድረ ገጽ እመረምራለሁ፣ ስልክ አጠብቃለሁ። የበገናው ሥራም አልቀረም፤ አሁን መሰንቆ ጨምሬበታለሁ። «የትኛው ብሮውዘር ይሻላል?» የሚለኝ ብዙ ነው። የሚያስጠነቅቃችሁን ምረጡ፣ ሲያስጠነቅቃችሁም ስሙት፣ አዲሱን እትም ጫኑበት እላለሁ። ድረ ገጽ ላላችሁ ደግሞ የማዘው አንድ ነገር ነው፤ በየጊዜው ከቤታችሁ ውጡና በእንግዳ መንገድ ተመልሳችሁ ግቡ። በጓዳ በር ብቻ የሚገባ ባለቤት ደጁ ላይ የሚሠራውን አያይም።

ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ እትየ የሺ ወደ ሱቄ መጡ። ከነካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ ስልክ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«እኔ አልነካሁትም፤ አንቺው ክፈችው» አሉኝ። ከፈትኩት፣ አስተካከልኩት፣ ልመልስላቸው ስል እጄን ያዙኝ።

«ቆይ እንጂ፤ በገናውን ጫኝልኝ። ከሰብለ ጋር ልማር ነው። የጋሽ ደምሌ መሆኑን ግን ስማቸውን አይተሽ አረጋግጪ፤ የሌላ ሰው ከሆነ አልፈልግም።»